ወገቤን ለምትሉኝ ሁሉ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ቪዲዮ እየደጋገማችሁ ላካችሁልኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ አንዱን ጠረጴዛ ላይ ያስተኛዋል። አገጩንና ማጅራቱን ይይዝና ድንገት ሲያዞረው «ቋ!» ይላል። የተኛው ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ከዚያ ይስቃል፣ ከዚያ ተነስቶ አንገቱን ወዲህ ወዲያ እያዞረ «ዳንኩ!» ይላል። ከሥሩ የእናንተ ጥያቄ አለ። ባንክ ቤት የሚሠራው «ቲቸር፣ አንገቴ ተገትሮ ቀረ፤ ይሄ ነገር አዲስ አበባም አለ አሉ፣ ልሂድ እንዴ?» ይላል። ባጃጅ የሚነዳው «ወገቤ ሞቷል» ይላል። አንዷ ደግሞ ለእናቷ ብላ ነው የጠየቀችኝ። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጀዊ ውስጥ ባዮሎጂ የማስተምር፣ ዲፕሎማ ያለኝ መምህር ነኝ። ግን ወገቤን ታምሜ አውቃለሁ፤ በዚያ ሰበብ ብዙ አንብቤያለሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ተማሪዬ ላይ ያየሁት ነገር አለ። እሱን ሳልነግራችሁ «ሂዱ» ወይም «አትሂዱ» ማለት አልችልም።

ከስሙ እንጀምር። እኛ አገር ወገቡን ያመመው ሰው ከሁለቱ አንዱን ይላል፤ ወይ «ኩላሊቴን ነው» ወይ «ብርድ መታኝ»። ብርዱን ተዉት። መጋቢት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ጋምቤላ ተቀምጦ ብርድ መታኝ የሚል ሰው፣ ብርዱን ከየት እንዳገኘው ቢነግረኝ እኔም ሄጄ ትንሽ ብመታ ደስ ይለኛል። 😀 የኩላሊቱ ነገር ግን ቁም ነገር ነው። የኩላሊት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከጎድን አጥንት ሥር፣ ወደ ጎን ነው የሚሰማው። ጎንበስ ብትል፣ ቀና ብትል፣ ብትገለባበጥ ያው ነው። ትኩሳት፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ወይም ሽንት ላይ ደም ሊኖረው ይችላል። የወገብ ሕመም ግን ከእንቅስቃሴ ጋር ይለዋወጣል። ስትቀመጥ ይብሳል፣ ስትራመድ ይለቃል፤ ወይም በተቃራኒው። ስንት ሰው ነው ወገቡን እየታመመ «ለኩላሊት ጥሩ ነው» የተባለ ቅጠል እየቀቀለ የሚጠጣው!

ብቻችሁን እንዳልሆናችሁም እወቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የታችኛው ጀርባ ሕመም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2050 ደግሞ 843 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። ሰውን ከሥራና ከኑሮ በማሰናከል ከበሽታዎች ሁሉ ቀዳሚው ይሄ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ ሕመማቸው «ይሄ አጥንት፣ ይሄ ነርቭ ነው» ተብሎ በአንድ ነገር ላይ ጣት የሚቀሰርበት አይደለም። ጡንቻው፣ ጅማቱ፣ አቀማመጡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ጭንቀቱ፣ ሁሉም ተደምሮ ነው። አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። የቀሩት ጥቂቶች ግን ሌላ ናቸው፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ቪዲዮው። ያ ሰውዬ ካይሮፕራክተር ይባላል። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ «በእጅ የሚሠራ» እንደማለት ነው። ሙያውን የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1895፣ አሜሪካ፣ አዮዋ ክፍለ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ከተማ ውስጥ። ሐኪም አልነበረም፤ በማግኔት እፈውሳለሁ የሚል ሰው ነበር። እሱ እንደሚናገረው ሃርቪ ሊላርድ የሚባል፣ ጆሮው በደንብ የማይሰማ የጽዳት ሠራተኛ ነበር። ጀርባው ላይ ከቦታው የወጣ አጥንት አገኘሁ፣ ስመልሰው ጆሮው ተከፈተ አለ። ከዚያ ተነስቶ በሽታ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመጣው የጀርባ አጥንት ከቦታው ሲንሸራተት ነው ብሎ ማስተማር ጀመረ።

የእኔ ተማሪዎች እዚህ ላይ እጅ ማውጣት አለባችሁ። የመስሚያ ነርቭ ከጆሮ ተነስቶ እዚያው ጭንቅላት ውስጥ ወደ አንጎል ነው የሚገባው፤ በጀርባ በኩል አያልፍም። ስለዚህ የፓልመር ታሪክ በባዮሎጂ ፈተና አያልፍም። የዛሬዎቹ ካይሮፕራክተሮች ብዙዎቹም ያንን የድሮ ትምህርት ትተውታል። አሜሪካ ውስጥ ሙያው የራሱ ኮሌጅና ፈቃድ አለው፤ የሚያተኩሩትም በጀርባ፣ በአንገትና በመገጣጠሚያ ሕመም ላይ ነው።

ያ «ቋ» የሚለው ድምፅስ? ብዙዎቻችሁ አጥንት ወደ ቦታው ሲመለስ የሚሰማ ይመስላችኋል። አይደለም። መገጣጠሚያ ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ በፈሳሹ ውስጥ ደግሞ የሟሟ ጋዝ። መገጣጠሚያው ድንገት ሲለጠጥ ግፊቱ ይቀንስና ጋዙ አረፋ ይፈጥራል። ጣታችሁን ስታንቋቁት የምትሰሙት ያው እሱ ነው። ድምፁ መዳንን አያሳይም፤ ድምፅ አለመኖሩም አለመዳንን አያሳይም።

እሺ ታዲያ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለተራው የወገብ ሕመም መጠነኛ ጥቅም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ለቆየ የወገብ ሕመም መመሪያ አውጥቷል። በእጅ የሚደረግ የጀርባ ሕክምናና ማሳጅ ሊረዱ ከሚችሉት ዝርዝር ውስጥ አሉ። ከእነሱ ጋር የአካል እንቅስቃሴ፣ ስለ ሕመሙ ማስተማር፣ የሥነ ልቦና ድጋፍና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ተጠቅሰዋል። እንደ መደበኛ ሕክምና አይመከሩም ከተባሉት ውስጥ ደግሞ የወገብ ቀበቶ፣ ወገብን በክብደት መጎተት፣ እንደ ትራማዶል ያሉ ጠንካራ መድኃኒቶች ይገኙበታል። ፋርማሲ ሄዳችሁ መጀመሪያ የሚሰጣችሁን ነገር እስቲ አስታውሱ። ቀበቶና ትራማዶል አይደል?

አንገት ላይ ግን ተጠንቀቁ። በአንገት አጥንት መሃል ወደ አንጎል የሚወጡ የደም ሥሮች አሉ። አንገት በኃይል ሲጠመዘዝ የደም ሥሩ ግድግዳ ተሰንጥቆ ስትሮክ ያመጣበት አጋጣሚ አለ። ብዙ ጊዜ የሚሆን አይደለም፤ ሲሆን ግን መመለሻ የለውም። ለባንክ ቤቱ ልጄ የምለው፦ ያንተ አንገት ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተገትሮ የዋለ አንገት ነው። ከማስጠምዘዝህ በፊት በየሰዓቱ ተነስተህ ትከሻህን አዙር። ስልክህን ጭንህ ላይ አድርገህ ሳይሆን ፊትህ ፊት ከፍ አድርገህ አንብብ። ይሄ ጽሑፍም ቢሆን።

ደግሞም እኛ የእጅ ሕክምናን ለማወቅ የፓልመርን መወለድ አልጠበቅንም። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። አስቡት፤ ተረቱ ትርጉም የሚኖረው የእግር ወለምታ በቅቤ ስለሚታሽ ነው! ቅቤ፣ እጅና ወጌሻ ከእኛ ጋር ጥንትም ነበሩ። እስከ ዛሬ እግር ኳስ ሲተላለፍ ተጫዋች ሲወድቅ ጋዜጠኛው «ወጌሻው ወደ ሜዳ ገብቷል» ይላል፤ የገባው የተማረ የሕክምና ባለሙያ ቢሆንም። ቃሉ ከእኛ ጋር አደገ።

እኔ ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ጎበዝ ወጌሻ እጁ ያውቃል፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ አይቻለሁ። ስብራት ላይ ግን ትልቅ ችግር አለ። ቀርከሃ አድርጎ ጥብቅ አድርጎ ሲያስረው ደም መዘዋወሩን ያቆምና እግሩ ይጠቁራል፤ መጨረሻው መቆረጥ ይሆናል። አገራችን ውስጥ ብዙ ሕፃናት እጅና እግራቸውን ያጡት በስብራቱ ሳይሆን በማሰሪያው ነው። ይሄ ግን መፍትሔ የሌለው አይደለም። አንድ ኢትዮጵያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። ወጌሾችን ሰብስቦ አጭር ትምህርት በመስጠት ብቻ በዚህ ምክንያት የሚቆረጠውን እጅና እግር መቀነስ እንደሚቻል አሳየ። መከልከል ሳይሆን ማስተማር።

ፈረንጆቹም ጋ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ሊቨርፑል ውስጥ ይሠራ የነበረው ሂዩ ኦወን ቶማስ የእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና አባት ይባላል። አባቱ ኢቫን ቶማስ ወጌሻ ነበር፤ አያቶቹም ከዌልስ የመጡ ወጌሾች። አባት ልጁን ሕክምና አስተማረው። ልጁ የሠራው የእግር መደገፊያ፣ «የቶማስ ስፕሊንት» የሚባለው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጭን አጥንታቸው የተሰበረ የብዙ ወታደሮችን ሕይወት አትርፏል። የአያት እጅና የትምህርት ቤት እውቀት ሲገናኙ ምን እንደሚወልዱ ይሄ ጥሩ ምሳሌ ነው።

አሁን የራሴን። የዛሬ ሁለት ዓመት አካባቢ ነው። የሴሚስተር ፈተና ዝቅ ያለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳርም ሰነበትኩ። ከ300 በላይ ወረቀት። አንድ ቀን ጠዋት ጫማዬን ማሰር አቃተኝ። ሕመሙ ከወገቤ ተነስቶ በቂጤ አድርጎ እስከ ባቴ ይወርዳል። ጋምቤላ የሚገኙ አንዲት እናት አሹኝ፤ ለሁለት ቀን ደህና ሆንኩና ተመለሰ። ክረምት ላይ ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ስሄድ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ፤ ስሙን አልጠራም። ኤም አር አይ አስነሱኝ። ዋጋው ከአንድ ወር ደመወዜ በላይ ነው። ወረቀቱን ይዤ ስገባ «ዲስክህ ተንሸራቷል፤ ካልተጠነቀቅክ ኦፕሬሽን ነው» ተባልኩ። ቀበቶ፣ መርፌ፣ «ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ ተኛ»። በቃ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ዲስክ ምንድነው? የጀርባ አጥንቶቻችን አንገት ላይ 7፣ ደረት ላይ 12፣ ወገብ ላይ 5 ናቸው። በመካከላቸው እንደ ትራስ የሚያገለግል ነገር አለ፤ ውጪው ጠንካራ፣ ውስጡ እንደ ማርማላታ ለስለስ ያለ። ዲስክ የምንለው እሱን ነው። «ተንሸራተተ» ይባላል እንጂ እንደ ሳሙና አይንሸራተትም፤ ወደ ውጪ ይወጠራል ወይም ውስጡ ይወጣል። ማንም ያልነገረኝን ነገር በኋላ አንብቤ ነው ያገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ አንድ ትልቅ ግምገማ ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ተመርምረው ነበር። የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶዎቹ፣ የ80 ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 84 በመቶዎቹ የተወጠረ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። ሳያማቸው! ማለትም ኤም አር አይ ላይ የሚታየው ብዙው ነገር እንደ ሽበት ነው። ሽበት አለህ ማለት ታመሃል ማለት አይደለም። ውስጡ የወጣ ዲስክ እንኳ ብዙ ጊዜ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ እያሟሟ ይመልሰዋል።

እኔን የረዳኝ ጋምቤላ ከተመለስኩ በኋላ ያገኘሁት አንድ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ጀርባዬን ነካክቶ፣ እግሬን አንስቶ፣ ጉልበቴን በመዶሻ መትቶ፣ በተረከዝና በጣት አስረግጦ አየኝ። ከዚያ «ቀበቶውን አውልቀው። መተኛት ሳይሆን መንቀሳቀስ ነው የሚያድንህ» አለኝ። ሦስት እንቅስቃሴ አሳየኝ። በሆድ ተኝቶ በክንድ ቀና ማለት፤ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ማንሳት፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መራመድ። ስድስት ሳምንት ገደማ ፈጀብኝ። ዛሬም አልፎ አልፎ ይነካካኛል። ግን ጫማዬን አስራለሁ፣ አስተምራለሁ፣ ወረቀቴንም ቆሜ ነው የማርመው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ 90 በመቶዎቹ ነው። አሁን ስለ ልጁ።

ጀዊን ለማታውቁ፣ ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። ሌችዎር የሚባለው መጠለያ እ.ኤ.አ. በ2014 በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ሰዉ በ2015 ወደዚህ ተዛወረ። ከ60 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ይኖሩበታል፤ አብዛኞቹ ኑዌሮች ናቸው። ልጁ 10ኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጽፍም።

ኳስ የሚወድ ልጅ ነው። ኳስ ተወ። ሲጠየቅ «ጀርባዬን» ይላል፤ ረጅም ልጅ ስለሆነ ሁሉም «እድገት ነው» ይለዋል። አንድ ሽማግሌ በዘይት አሹት፤ ለውጥ የለም። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጠመኔ ወደቀብኝና እሱ እግር ሥር ተንከባለለ። ላንሳልህ ብሎ ተነሳ። ጎንበስ አላለም። ጀርባውን እንደ እንጨት ቀጥ አድርጎ፣ አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ ደግፎ፣ ቁጢጥ ብሎ ነው ያነሳው። የ80 ዓመት ሽማግሌ እንኳ እንደዚያ አያነሳም። ነገሩ ከነከነኝ።

በዕረፍት ሰዓት ከክፍል ጀርባ ስሄድ ጓደኞቹ ከበውታል። አንዱ ስልክ ይዟል፤ ያንን ቪዲዮ እያዩ ነው። ሌላው ከኋላ በብብቱ ሥር እጁን አስገብቶ ሊጠመዝዘው ተዘጋጅቷል። ሊረዱት ነው እኮ! በቅንነት። «ተዉት!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ለብቻው ወስጄ ጠየቅኩት። ሌሊት ያልብሃል? አዎ። ማታ ማታ ትኩሳት? አዎ። ሱሪው በገመድ ነው የታሰረው፤ ከስቷል። ሸሚዙን ሲያነሳ ከጀርባው መሃል አንዲት ትንሽ ጉብታ ወጥታለች። እግርህስ? «አንዳንዴ ይከብደኛል።»

እዚያው መጠለያው ውስጥ ያለው ጤና ጣቢያ ሄድን፤ እነሱ ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል ላኩት። ራጅ ተነሳ። ሁለት የጀርባ አጥንቶቹ ተበልተዋል። የአከርካሪ ቲቢ ነበር።

ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚይዝ ለሚመስላችሁ፣ አጥንትንም ይይዛል፤ ከአጥንት ሁሉ ደግሞ አከርካሪን ይመርጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 ስለጻፈበት ዓለም «የፖት በሽታ» ይለዋል። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ሳል ላይኖረው ይችላል። የተበላው አጥንት ሲደረመስ ጉብታ ይፈጥራል፤ ሕብለ ሰረሰሩን ከተጫነ እግር ይዝላል፣ ሽንት ያመልጣል። እንግዲህ አስቡት፤ እንደዚያ ምስጥ እንደበላው ምሰሶ የሆነን ጀርባ አንድ ጎረምሳ ከኋላ ይዞ «ቋ» ሊያደርገው ነበር።

መድኃኒቱ አለ፤ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ለአከርካሪ ቲቢ 12 ወር ነው የሚወሰደው። ልጁ ወሰደ። መጀመሪያ ሰሞን እናቱ ተጨንቃ ነበር፤ ከበሽታው በላይ ያስጨነቃት ሰው የሚለው ነው። ክፍል ውስጥም ወንበራቸውን ያራቁ ልጆች ነበሩ። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ በዚህ ላይ አስተማርኩ። አጥንት ውስጥ ያለ ቲቢ አብሮ በመቀመጥ፣ በመነካካት፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው ሳንባ ውስጥ ያለው በትንፋሽ ነው። ወንበሮቹ ተመለሱ፤ ሁሉም ግን አይደለም። አንድ የትምህርት ዓመት አልፎታል። ጉብታዋ አልጠፋችም፤ አትጠፋም። ግን በእግሩ ይሄዳል፤ ክብደቱም ተመልሷል። ኳሱን ቆሞ ያያል፤ «ዳኛ ልሆን ነው» ይለኛል።

እኛ አካባቢ ደግሞ ቲቢ ብቻ አይደለም። ከብት ባለበት፣ ወተት ሳይፈላ በሚጠጣበት ቦታ ሁሉ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ አለ። ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፤ ያልባል፤ ወገብና መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። በመታሸት አይድንም፤ በመድኃኒት ይድናል። ወተት አፍልቶ መጠጣት ይከላከለዋል። ወባማ የታወቀ ነው። ጋምቤላ ውስጥ ትኩሳት ኖሮት «ወገቤን ቆረጠመኝ» የሚል ሰው ወጌሻ ጋ ከመሄዱ በፊት ጣቱን ተወግቶ ይመርመር።

ስለዚህ እጅ የሚያሳርፍባችሁ ወጌሻም ይሁን፣ ፊዚዮቴራፒስትም ይሁን፣ ካይሮፕራክተርም ይሁን፣ ቀድሞ እነዚህን ያልጠየቃችሁ ሰው ጀርባችሁን አይንካ። አስቀምጧቸው፦

– ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት አለ?
– እግር ይዝላል? እየባሰ የሚሄድ መደንዘዝ አለ?
– ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አቅቷል? በሁለቱ ጭኖች መካከል ደንዝዟል? (ይሄ ካለ ነገ አይባልም፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል።)
– ሕመሙ የጀመረው ከዛፍ፣ ከሞተር ወይም ከመኪና ወድቆ ነው?
– ከዚህ በፊት ካንሰር ታሟል?
– በተኛበት፣ በዕረፍት ላይም ሌት ተቀን የማይለቅ ሕመም ነው?
– ታማሚው ሕፃን ነው? ሕፃን ልጅ ለሳምንታት ጀርባዬን ካለ «እድገት ነው» አይባልም።
– ሕመሙ ደረትን ጨምቆ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ ይሄዳል? ይሄ ልብ ሊሆን ይችላል።

አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ወደ ሐኪም። ሁሉም «አይ» ከሆነ አትደንግጡ፤ ከ90 በመቶዎቹ ናችሁ። ተንቀሳቀሱ፣ ተራመዱ፣ ሥራችሁን ጨርሶ አታቁሙ። መታሸት ደስ ካላችሁ ታሹ፤ ያዝናናል። ካይሮፕራክተርም አቅሙ ካላችሁና ቀድሞ በደንብ የሚመረምራችሁ ከሆነ ሞክሩ፤ ግን ለእሱ ብላችሁ ከጋምቤላ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና እየተንገጫገጫችሁ አትሂዱ። መንገዱ ብቻውን ወገብ ይሰብራል! ፊዚዮቴራፒ እዚሁ አገራችን በዲግሪ የሚሰጥ ሙያ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ጋምቤላ ከተማ ውስጥም በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የሚደገፍ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር ጠይቁ። የዳይክሎፌናክ መርፌ በየሳምንቱ የምትወጉ ደግሞ ጨጓራችሁንና እውነተኛውን ኩላሊታችሁን አስቡ፤ ያኔ ነው «ኩላሊቴን» የምትሉት እውነት የሚሆነው።

ለእናቷ ለጠየቀችኝ ልጄ አንድ ነገር ልጨምር። እናትሽ ስንት ጊዜ ውኃ ይቀዳሉ? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ በጭንቅላት ሲሸከሙት 60 ኪሎ አንገት ላይ ይወጣል። ለእሳቸው የሚያስፈልገው ጠምዛዥ ሳይሆን ሸክም ተጋሪ ነው። ወንድሞችሽ አሉ አይደል? ጀሪካኗን እነሱ ያንሱ። እዚህ ክፍሌ ውስጥ ሴት ተማሪዎቼ ጠዋት አንገታቸውን እያሹ አርፍደው ሲገቡ የት እንደዋሉ አልጠይቅም፤ አውቀዋለሁና። ወንዶቹን ግን እጠይቃለሁ።

በመጨረሻ የምለምነው የሙያ ጓደኞቼን ነው። እኛ መምህራን በቀን ውስጥ ከወላጅም ከሐኪምም በላይ ልጆችን እናያለን። ጠመኔ፣ እስክሪብቶ፣ ደብተር ሲወድቅ ልጁ እንዴት ብሎ እንደሚያነሳው እዩ። ጎንበስ ማለት የፈራ ልጅ ካያችሁ ለብቻው ጠርታችሁ ሌሊት ያልበው እንደሆነ ጠይቁት። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ፣ የማላውቀውን የጤና ባለሙያ ወዳጆቼ ይመልሱልኛል። ደህና ሁኑልኝ። ማሌ!